ክቡ ቤቴና ቀጥ ያለው ቆርቆሮ

ቤት አሳድሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ባያነበው ይሻለዋል፤ ቁስሉን እነካበታለሁ። አሳድሶ የማያውቅ ግን ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ አናጢ ዘንድ ሰው ልኮም ከሆነ መልእክተኛው ሳይደርስ ሮጦ ይመልሰው። እኔ መካሪ አጥቼ አልነበረም። መካሪማ ሞልቶኝ ነበር። ነገር ግን የመከሩኝ ሁሉ በሣር ቤት የሚኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ምክራቸው ቅናት መሰለኝ። በቆርቆሮ ቤት ከሚኖሩት ደግሞ አንድም ሰው አልመከረኝም። ዛሬ ሳስበው፣ በክረምት ስጠይቃቸው ጥያቄዬን የሰሙ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ጸሐፊ ነበርኩ። ቤቴ ቁስቋም ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት፣ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣራው ሣር የሆነ ክብ ቤት። ግድግዳው ምንም አይለውም። ሣሩ ግን አርጅቷል። አንድ ቦታ ቢያፈስማ ገንቦ አስቀምጦ መገላገል ነበር። የኔ ጣራ ተንኮለኛ ነው፤ ገንቦውን ካስቀመጥኩበት ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ያፈሳል፤ ገንቦውን ሳስጠጋለት እሱም ወደ ጥንት ቦታው ይመለሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር እኔና ባለቤቴ ውድነሽ ከወለቃ የገዛናቸውን ገንቦዎች ታቅፈን ቤቱን ስንዞር ለሚያየን ሰው ጸበል የምንቀዳ እንመስል ነበር።

ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሁለት ሰዎችን ነው። አንደኛው መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ጣሊያን ትቶት በሄደ ባለ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ጥቁር ጃንጥላም አለው። ዝናብ ጥሎ ባደረ ቁጥር ጃንጥላውን እያራገፈ ይገባና «እንዴት አደርክ» ከማለቱ አስቀድሞ «አፈሰሰባችሁ?» ይለኛል። አላፈሰሰብንም ብዬ እንዳልዋሸው ኮቴ ጥላሸት በቀላቀለ ውሃ ዥንጉርጉር ሆኖ ይመሰክርብኛል።

ሁለተኛዋ አማቴ ናቸው። አንድ ቀን ከቀሐ ኢየሱስ ሊጠይቁን መጥተው መደቡ ላይ ጉብ ብለው ሳለ፣ ጠይም ጠብታ ከጣራው ወርዳ፣ ለበዓል ብቻ የሚለብሱት ነጭ ኩታ ላይ አረፈች። ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄን ለቤት የዳርኳት መስሎኝ ነበር» አሉ፤ «ለካ ለወንፊት ኖሯል።»

በነጋታው ቆርቆሮ ገዛሁ።

ጊዜው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ውድነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ እየገባ ነበር። «ልውለድና ልነሣ፤ ክረምቱም ይለፍ፤ ያን ጊዜ ትከድነዋለህ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለችኝ። «ልጄማ በወንፊት ሥር አያድግም» አልኳት። ተሸካሚዎቹ ቆርቆሮውን ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ሲያወጡት እርስ በርሱ እየተጋጨ ጓ ጓ ይል ስለነበር መንደርተኛው በየደጁ ወጣ። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። እንደዚያ ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ የሄድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ለባልደረባዬ ብቻ አንዳች ነገር አልተነፈስኩም፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ድንገት ወስጄ ላሳየው ነው አሳቤ።

ጎረቤቴ አያ ፈንታ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ ጠበቀኝ። አያ ፈንታ በጎች ያረባል፤ ከበጎቹ የተረፈውን ጊዜ እኔን በመመልከት ያሳልፋል።

«ምነው ልጄ፣ ሣሩ ምን አደረገህ?» አለኝ።

«አያ ፈንታ፣ ዘመኑ የቆርቆሮ ነው። ሣር ለከብት ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ አሮጌውን ሣር ለበጎቼ ስጣቸው፤ ጉረኖዬን ልክደንበት።»

«ውሰደው!» አልኩ እጄን እንደ መኳንንት እያወዛወዝኩ። «አንዲት ዘለላ እንዳታስቀርልኝ።»

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

አናጢው አያ ንጉሤ ይባላል፤ የሥላሴ ሰፈር ሰው ነው። ለሁሉ ነገር መልሱ ሸጋ ነው። እንጨቱ አይበቃ ይሆን? ሸጋ ነው። ዝናብ ቢቀድመንስ? ሸጋ ነው። መቼ ትጨርሳለህ? እሱማ ሸጋ ነው። ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ያለ መልስ ያረጋጋል፤ እኔም ተረጋግቼ ሣሩን አውርድ አልኩት። ማውረዱ አንድ ጠዋት እንኳ አልፈጀም። ጎረቤት በደቦ ወጣበት፤ በማፍረስ በኩል ማንም አይችለንም። አያ ፈንታ ሣሩን እየተሸከመ ወደ ጉረኖው አመላለሰ። ጣራው ወርዶ ሲያበቃ አያ ንጉሤ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረው። ደግሞ ዞረው። ከዚያ ቆርቆሮው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ጌታው» አለኝ፣ «ቤቱ ክብ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ቆርቆሮው ቀጥ ያለ ነው።»

«ታዲያስ?»

«እንግዲህ አንዳቸው ይሸነፉ።»

ደሜ ፈላ። «ቤቱ ክብ መሆኑን ዛሬ ነው ያየኸው?»

«ኧረ ያን ጊዜውኑ አየሁት እንጂ! ሣሩን አውርድ አልከኝ፤ አወረድኩ። ክብ ቤት ቆርቆሮ ይይዛል ወይ ብለህ መች ጠየቅኸኝ?»

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም። ቤቴ ክብ መሆኑን ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ ልብ ብዬው አላውቅም። መድኃኒቱ ግድግዳውን አፍርሶ ባለ አራት ማዕዘን አድርጎ መገንባት ነው ተባለ። ለዚያ ደግሞ ግንበኛ ያስፈልጋል። ግንበኛ ካልክ ወለቃ ነው። ወለቃ ወርጄ አያ ታምያትን ይዤ መጣሁ።

ግንበኛ የሌላ ግንበኛ ሥራ አይወድም። አያ ታምያት ግድግዳዬን ሲያይ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ። ድንጋዩን በመዶሻው ጫፍ ነካ አደረገና «ይህን ማነው የሠራው?» አለ።

«እኔ እንጃ። አባቴ ነው ያሠራው።»

«የሠራው እጁ ይድረቅ! ድንጋይ እንዲህ ይቀመጣል? ይህማ ግድግዳ አይዶለም፣ ክምር ነው። ነገ በጠዋት መጥቼ ጠራርጌ አፈርስልሃለሁ።»

በጠዋት መጣ። መዶሻውን አንሥቶ ሊጀምር ሲል አያ ፈንታ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«አያ ታምያት፣ አባትህ የሠራውን ልታፈርሰው ነው? ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቤት ሲገነባ ድንጋይ ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ።»

መዶሻው ከላይ ቀረ። አያ ታምያት ቀስ ብሎ አወረደውና ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አየህ?» አለኝ። «ድንጋዩ አቀማመጡን አየህ? እንዲህ ያለ ግንብ ዛሬ ከየት ይገኛል!»

«ትናንት ክምር ነው አላልከኝም?»

«ትናንትማ መሽቶ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባስቆጣው፣ «የአባቴን እጅ አላፈርስም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። አያ ንጉሤ በበኩሉ በክብ ቤት ላይ ቆርቆሮ አልመታም አለ። ቀኑን ሙሉ ስንከራከር ውለን የተስማማነው ነገር ይህ ነው፤ ክቡ ግድግዳ አይነካም፤ ከውጭ በኩል አራት ማዕዘኖች ይገነቡለታል፤ ጣራው በማዕዘኖቹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቤቴ ከውጭ አራት ማዕዘን፣ ከውስጥ ክብ ሊሆን ነው። በክቡና በማዕዘኖቹ መካከል ሰው የማይቆምባቸው፣ ዕቃ የማይገባባቸው አራት ጎሬዎች ይቀራሉ።

«እነዚህስ ለምን ይሆናሉ?» አልኩት አያ ንጉሤን።

አሰበና «ሸጋ ነው» አለኝ።

አማቴ የመጡት በዚሁ መሐል ነው። እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ጣራውን ቢፈልጉት ሰማይ አዩ። አንድ ጭልፊት እየዞረ ነበር።

«ባለፈው ውሃ ነበር የሚያፈሰው፤ አሁን ደግሞ አሞራ ሊያፈስ ነው» አሉና የውድነሽን ልብስ ይቋጥሩ ጀመር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ወግ ነው፤ በዚያስ አልተከፋሁም። የተከፋሁት ደጃፉ ላይ ቆመው ጨምረው በተናገሩት ነው። «ስማ፣ ክርስትናው እስኪደርስ ጣራህን ከድነህ ከጠበቅኸን ሸጋ፤ ልጄም ልጅህም ይመጡልሃል። ካልከደንክ ግን ድግሱም እኔ ቤት፣ አስተዳደጉም እኔ ቤት ነው። አንተም እንደ እንግዳ ደጅ ጠንተህ ትጠይቀዋለህ።»

አማቴ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ውድነሽ መለስ ብላ አየችኝና «ቶሎ ክደነው» አለችኝ፤ ምነው ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ አልኩ በልቤ። ማድ ቤት ውስጥ ከዶሮዎች ጋር ማደር ጀመርኩ። ቤቱ ያለሷ ጭር አለብኝ፤ ቤት የምለውም ጣራ የሌለውን ነው።

አያ ንጉሤ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ መጋዙን አስቀመጠ። «ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

«ገና አልተወለደም እኮ።»

«እሱማ አውቃለሁ። ግን ወንድ ከሆነ በአርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና። ሴት ከሆነች ሸጋ አድርገን እንደርሳለን። ወንድ ከሆነ ግን እኔ እንጃ።»

አያ ንጉሤ ሸጋ ያላለው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ወንድ ልጅ ይስጥህ» ሲለኝ እኔ በሆዴ «አፍህን ይዝጋልኝ» እያልኩ፣ ጠዋት ጠዋት ቁስቋም ደጀ ሰላም እየቆምኩ ሴት ልጅ ለመንኩ። አንድ ቄስ ሰምተውኝ እንዲህ ያለ ትሑት አባት አላየሁም ብለው መረቁኝ።

እንግዲህ የበዓሉን ነገር ልንገራችሁ። ጎንደር አርባ አራት ታቦት ያላት አገር ናት፤ ሰው ደግሞ የየደብሩን ያከብራል። እኔ በብልህነቴ አናጢውን ከአንድ ሰፈር፣ ግንበኛውን ከሌላ ሰፈር አምጥቼ ቤቴን ከሦስተኛ ሰፈር አስቀምጫለሁ። አያ ንጉሤ የሥላሴ ሰው ስለሆነ ሥላሴን ያከብራል። ሚስቱ የባታ ልጅ ስለሆነች ባታን ያከብራል። ማኅበሩ የሚካኤል ነው፤ ስለቱ የጊዮርጊስ ነው። አንድ ጊዜ ከጣራ ሲወድቅ የደረሰችለት ደግሞ ኪዳነ ምሕረት ናት። ጣራ ላይ የሚሠራ ሰው መሆኑን አውቄ በዚህ አልተከራከርኩትም።

አያ ታምያትን ከእነዚህ አንዱም አያገባውም። ቤተ እስራኤል ነውና የእሱ ቅዳሜ ነው። ግን ቅዳሜን እንደሱ የሚያከብር ሰው ጎንደር አይቼ አላውቅም፤ ዓርብ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መሮውን ጠቅልሎ ወደ ወለቃ ይነጉዳል። እሑድ ማልዶ ከች ይላል። እሑድ ደግሞ የኛ ናት። ሁለቱ በአንድ ቀን ካልተገናኙ ሥራው አይሄድም፤ አያ ታምያት «ንጉሤ እንጨቱን ሳያጋድም ማዕዘኑን አልጨርስም» ይላል፤ አያ ንጉሤ «ታምያት ማዕዘኑን ሳይጨርስ እንጨቱን አላጋድምም» ይላል። አንዱ በመጣ ቀን ሌላው የለም። የመጣው ጥላ ሥር ተቀምጦ የቀረውን እያማ ይውልና ምሳውን በልቶ ይሄዳል።

አንድ የማርያም ዕለት ትዕግሥቴ አልቆ አያ ታምያትን «አንተን የሚከለክልህ የለ፤ ጥረብ» አልኩት። ሁለት ድንጋይ ሳይጠርብ አያ ፈንታ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስከትሎ ደረሰ።

«በማርያም ቀን መዶሻ ታሰማለህ? ማሳችን ላይ በረዶ ልታወርድብን ነው?»

በበዓል የተሠራ ሥራ በረዶ እንደሚያመጣ ቁስቋም ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አያ ታምያትም ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠና አያ ንጉሤን ማማት ቀጠለ።

ውድነሽን ምጥ እንደያዛት የነገሩኝ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ስሮጥ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል አያ ንጉሤ ነው።

«አንተ ደግሞ የት ነው?»

«ይህማ እኔንም ያገባኛል!»

ቀሐ ስንደርስ ወንዶቹ አጥር ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። እኛም ተቀላቀልን። ለሴት ሦስት ጊዜ፣ ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ እልልታው ፈነዳ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ጸጥ።

«ሰማንያ!» ብሎ አያ ንጉሤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ሰማንያ ቀን! ሸጋ ልጅ!» እኔም አቀፍኩት፤ እንደ ወንድማማች ተቃቀፍን።

ለካ እልልታውን የምታወጣዋ ሴት ትንፋሽ አጥሯት ኖሯል። አራተኛው እልልታ መጣ። አያ ንጉሤ እጁ ከአንገቴ ላላ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። ድንጋይ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ወንዶቹ «አይ የአባት አንጀት!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። አማቴ ሳይቀሩ ብቅ ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ቀን በፍቅር ዓይን አይተውኝ አያውቁም።

ቆይቶ አስገቡኝ። ልጁ ፊቱን አጨማድዶ፣ አያ ታምያት ግድግዳዬን ሲያይ የነበረውን መልክ ይዞ ተኝቷል። ወደድኩት። ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ ቤቴ ይዤው ብሄድ ደስ ባለኝ፤ የትኛው ቤት ነው እንጂ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በዝርዝር ብነግራችሁ ያማችኋል። ሰኔ ገባ፤ ዝናብ ያዘ። አያ ታምያት የሠራው ማዕዘን ጭቃው ሳይደርቅ ታጠበና አንዱ ጎን አበጠ። «አባቴ ቢሆን በክረምት አይጀምርም ነበር» አለኝ፣ እኔ የጀመርኩት ይመስል፤ በእርግጥ እኔ ነኝ የጀመርኩት። አያ ንጉሤ እንጨቱን ሲያጋድም አንዱ ወገን ክንድ ያህል አጠረ። ሸጋ ነው አለና ቀጠለበት። እንዳላብድ የረዳኝ፣ ማታ ማታ ቀሐ ወርጄ ልጁን ማየቴ ብቻ ነው፤ እዚያም አማቴ «ጣራውሳ?» ይሉኛል።

የሐምሌ አቦ ዕለት፣ ክርስትናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ያልተመታ ጥቂት ቆርቆሮ ነበር የቀረው። አያ ንጉሤ በዓል ነው ብሎ ቀረ። ከአቦ በኋላ ያለው ሥላሴ ነው፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መዶሻውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ራሴ ጣራው ላይ ወጣሁ። ድም፣ ድም፣ ድም። ድምፁ ያልተሰማ መስሎኝ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አያ ፈንታ ከአጥሩ በላይ።

«ዶሮ እየፈለግሁ ነው።»

«ጣራ ላይ?»

«ጣራ ላይ።»

ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። «ብቻ ዛሬ አቦ መሆኑን እንዳትረሳ» ብሎኝ ገባ።

የሆነ ሆኖ ተከደነ! የክርስትናው ዕለት ልጁ ቁስቋም ተጠምቆ፣ በእልልታና በጭብጨባ ወደ ቤታችን መጣ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ቤቱ እንግዳ ጢም ብሎበታል። የቀረው ባልደረባዬ ብቻ ነው፤ ያን ሰሞን ለሥራ ደባርቅ ተልኮ ነበር፤ ዓይኑ ሳያየው መቅረቱ ቆጨኝ። አማቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጣራውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጠብታ ፈለጉ፤ አላገኙም። «እንግዲህ ምን ይባላል» አሉ በመጨረሻ፤ «ሸጋ ነው።» ውድነሽ ልጁን ታቅፋ ከወዲያ ሳቀችልኝ። ያን የከረመ ንዴት ሁሉ በዚያች ሣቅ ረሳሁት።

ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ቄሱ ሊመርቁ ተነሡ። «የአብርሃም የይስሐቅ አምላክ ይህን ቤት» እንዳሉ፣ ከላይ አንዲት ነገር ጠረር አለች። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሰማዩ ተገለበጠ።

በረዶ ነው። በቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ በረዶ የወረደበት ሰው ያውቀዋል፤ ያላወቀ ራሱን በርሜል ውስጥ ከትቶ ጠጠር ያስወርድበት። ቄሱ መመረቃቸውን አላቆሙም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እኛም ጢማቸው በቆመ ቁጥር «አሜን» እንላለን። አንድ ጊዜ ለካ ሲያስሉ ኖሯል፤ ለሳላቸውም አሜን አልን። አያ ፈንታ ከማዶ ትክ ብሎ አየኝ። የሚለው ባይሰማም ከንፈሩ ላይ አቦ የሚል ቃል አነበብኩ። ልጄን ፈልጌ አየሁት። አፉ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ ለቅሶውን ግን አልሰማም።

በረዶው ጋብ ሲል አማቴ ቀድሞውኑ ቆመዋል። ልጁን በኩታቸው ጠቅልለው፣ ውድነሽንም በዓይናቸው አስነሥተው ደጃፉ ላይ ደረሱ። ቀሐ ያለው ቤታቸው የሣር ነው።

«እሜቴ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም እኮ!» አልኳቸው ልለቅስ ደርሼ።

«ያን ጊዜ ወንፊት፣ ዛሬ ከበሮ» አሉኝ፤ «ቤት የምትሠራው መቼ ነው?»

ሄዱ። ያን ለት ማታ በአዲሱ ጣራዬ ሥር ብቻዬን አደርኩ። ዝናቡ እስኪነጋ ሲደልቅ አደረ። በነጋታው አያ ንጉሤን ከማኅበሩ አስነሥቼ አመጣሁት። ጆሮዬን በጨርቅ ደፍኜ ስለነበር እየጮህኩ ነው የነገርኩት።

«ይህማ መድኃኒቱ ቀላል ነው» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«ሣር ማልበስ ነዋ! በላዩ ሣር ከተከደነበት ዝም ይላል። ሸጋ ይሆናል።»

እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አልኩ። ብናደድም ሌላ መላ አልነበረኝም። በሐምሌ ደግሞ ሣር ሁሉ እርጥብ ነው፤ ደረቅ የክዳን ሣር ያለው አንድ ሰው ጉረኖ ላይ ብቻ ነው። ከድግሱ የተረፈውን ጠላ በገንቦ ይዤ አጥሩን ዞርኩ። አያ ፈንታ የምመጣበትን ያወቀ ይመስል ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«አያ ፈንታ፣ ያ ሣር...»

«የትኛው ሣር?»

«ያ የሰጠሁህ።»

«አንዲት ዘለላ እንዳታስቀርልኝ ብለህ የሰጠኸኝ? እሱማ ለከብት ነው አላልክም?»

«ለሰውም ነው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«አልሰማሁህም። ቆርቆሮው ነው መሰለኝ።»

«ለሰውም ነው!»

ጠላውን ቀዳ አድርጎ ጠጣ። በጎቹ በጉረኖው ውስጥ፣ በአባቴ ሣር ሥር፣ ጸጥ ብለው ያመሰኳሉ። ልጄ ከበጎቹ ያነሰ ዕድል ማግኘቱን ሳልደብቅ ነገርኩት። አያ ፈንታ በጎቹን አየ፣ እኔን አየኝ።

«እነሱን የት ላድርሳቸው?» አለ ድምፁን አለስልሶ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቤቴ ሄደ፤ ወደ ማዕዘኖቹ። «እነዚያ አራቱ ጎሬዎች ባዶ አይዶሉም?»

አያ ታምያት መጥቶ ለየማዕዘኑ ከውጭ ቀዳዳ አበጀለት፤ ለበግ የሚሆን በር ሲከፍት እያጉረመረመ ቢሆንም የአባቱን ግድግዳ አልነካም። በጎቹ ገቡ። ሣሩም ከጉረኖው ወርዶ፣ እኔው ራሴ ተሸክሜ መልሼ፣ ቆርቆሮው ላይ ተከደነ። በዓል ያልሆነ ቀን እስኪገኝ ጠብቀን ነው የሠራነው።

ውድነሽና ልጁ ተመለሱ። አማቴ ተከትለው መጡ፤ መደቡ ላይ ጉብ ብለው ዝናብ እስኪመጣ ጠበቁ። መጣ። ሣሩ ላይ እሽ እያለ ወረደ፤ ከዚያ ያለፈ ድምፅ አልነበረውም። ሣሩ እንደ ልማዱ ሲያፈስ ቆርቆሮው ይቀበለዋል፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ልጁ እናቱ ጭን ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ። ከግድግዳው ጀርባ አንድ በግ አስነጠሰ። አማቴ ጣራውንም ልጁንም አዩና «አሁን ቤት ሠራህ» አሉኝ። ውድነሽ እጄን ያዘች።

ነሐሴ ላይ ባልደረባዬ ከደባርቅ ተመለሰና «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊል ቤቴ ድረስ መጣ። ዝናብ ነበር። ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጣራዬን አየ፤ ጥላሸት የጠገበውን ያንኑ አሮጌ ሣር። ከማዕዘኑ ቀዳዳ አንድ በግ አንገቱን አውጥቶ አየው። ዓይኑን ወደኔ ሲመልስ እውነተኛ ኀዘን ነበረበት፤ እንደዚያ ቀን አዝኖልኝ አያውቅም።

«አይዞህ ወንድሜ» አለኝ ትከሻዬን ይዞ። «እግዚአብሔር ያውቃል። አንተም አንድ ቀን ቆርቆሮ ትከድናለህ።»

አፌን ከፈትኩ። የቆርቆሮውን፣ የማዕዘኖቹን፣ የእልልታውን፣ የበረዶውን፣ ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ግን ልጁ ገና አሁን እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አሜን» አልኩት።